የመዝናኛ ድሮኖች በብሔራዊ ፓርኮች፤ ፈቃድ ሰጪው ማን ነው?

ካሜራ የተገጠመለት አነስተኛ ሰው አልባ በራሪ፣ በተለምዶ አጠራሩ ድሮን፣ በአሁኑ ወቅት ከጎብኚዎች ሻንጣ ከማይታጡ ዕቃዎች አንዱ እየሆነ መጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ውልብልቢቶች ያሉትና በእጅ ስልክ ወይም በአነስተኛ መቆጣጠሪያ የሚመራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ ከ2013 ወዲህ በዓለም ገበያ በስፋት በመሰራጨቱ፣ ቀድሞ በሄሊኮፕተር ብቻ ይገኝ የነበረውን የከፍታ ምስል ለማንኛውም ገዢ አቅርቦታል። ገደል፣ ፏፏቴና የዱር እንስሳት መንጋ ባለበት ስፍራ ሁሉ ድሮን የያዘ ሰው ማብረር መፈለጉ የሚጠበቅ ነው። ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድነት የሚገኙባቸው ስፍራዎች በመሆናቸው ጉዳዩ ወደ ፓርኮች በር መድረሱ አልቀረም።

ጥያቄው በመጀመሪያ ሲታይ የመፍቀድ ወይም የመከልከል ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁንና በአስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። የአየር ክልሉን የሚያስተዳድረው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ነው፤ መሣሪያውን የሚመረምረው የደኅንነት ተቋም ነው፤ ከታች ያለው መሬትና እንስሳ ደግሞ የፓርኩ ኃላፊነት ነው። ሦስቱም በየራሳቸው ሕግ ትክክለኛ ውሳኔ ሰጥተው፣ እንስሳውን የሚመለከተው ጉዳይ ግን በማንም ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ተሞክሮ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ በመስከረም 2013 በደቡብ ዳኮታ ግዛት በሚገኘው የማውንት ራሽሞር ብሔራዊ መታሰቢያ፣ በክፍት አዳራሽ ተቀምጠው በነበሩ በርካታ ጎብኚዎች አናት ላይ አንድ ድሮን ሲበር ቆይቶ በተራራው ላይ ከተቀረጹት የአራቱ ፕሬዚዳንቶች ምስሎች በላይ አልፏል፤ የፓርኩ ጠባቂዎችም መሣሪያውን ይዘውታል። በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ ወር በግራንድ ካንየን ፓርክ የፀሐይ መጥለቅን በጸጥታ ለመመልከት የተሰበሰቡ ጎብኚዎች በአንድ ድሮን ጩኸት ተረብሸዋል፤ መሣሪያው ወዲያና ወዲህ ሲበር ከቆየ በኋላ ገደሉ ውስጥ ተከስክሷል። በዚያው ወር በዩታ ግዛት በሚገኘው የዛየን ፓርክ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞች አንድ ድሮን ትልልቅ ቀንድ ያላቸውን የዱር በጎች መንጋ ሲያውክ፣ ግልገሎችንም ከትልልቆቹ ሲነጥል ተመልክተዋል።

ፓርኮቹ ለእነዚህ ድርጊቶች የነበራቸው ሕግ ለድሮን ተብሎ የተጻፈ አልነበረም። የዮሰማይት ፓርክ አስተዳደር ለአብነት ያህል የጠቀሰው፣ ሰውን ወይም ዕቃን በጃንጥላ፣ በሄሊኮፕተር ወይም በሌላ በአየር በሚጓዝ ነገር ወደ ፓርኩ ማድረስን ወይም ከፓርኩ ማንሳትን የሚከለክለውን የቆየ ድንጋጌ ነው። ካሜራውን ተሸክሞ ተነስቶ ወደተነሳበት እጅ የሚመለስ ድሮን “ዕቃ አድርሷል” ሊባል ይችላል ወይ? ጥሩ ጠበቃ የያዘ ተከሳሽ ብዙ ሊከራከርበት የሚችል ነጥብ ነው። የዱር እንስሳትን ማወክን የሚከለክለው ሌላው ድንጋጌም ቢሆን ተግባራዊ የሚሆነው እንስሳው ከታወከ በኋላ ነው። ጠባቂው መረበሹን በዓይኑ ማየትና ማስረዳት ይኖርበታል፤ በሰፊ ፓርክ ውስጥ ይህ ከባድ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው።

በመሆኑም የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ዳይሬክተር የነበሩት ጆናታን ጃርቪስ እ.ኤ.አ በሰኔ 2014 የመመሪያ ማስታወሻ ቁጥር 14-05ን አወጡ። ማስታወሻው የየፓርኩ ኃላፊዎች በነበራቸው የመዝጋትና የመገደብ ሥልጣን ተጠቅመው፣ አገልግሎቱ በሚያስተዳድረው መሬትና ውኃ ላይ ሰው አልባ በራሪ ማስነሳትን፣ ማሳረፍንና ማብረርን እንዲከለክሉ የሚያዝ ነው። ክልከላውን የተላለፈ ሰው እስከ ስድስት ወር በሚደርስ እስራትና እስከ 5 ሺህ ዶላር በሚደርስ መቀጮ ሊቀጣ ይችላል።

በማስታወሻው ውስጥ ለሕግ ባለሙያ ትኩረት የሚስበው ክልከላው የተመሠረተበት ቦታ ነው። አገልግሎቱ ሰማዩን ዘግቻለሁ አላለም፤ ማለትም አይችልም ነበር። የአየር ክልል ሥልጣን የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነውና። የፓርኩ ሥልጣን በመሬቱ ላይ በመሆኑ ክልከላውም በመሬቱ ላይ ቆሞ የሚያስነሳውን፣ የሚያሳርፈውንና የሚመራውን ሰው የሚመለከት እንዲሆን ተደርጓል። በዚህ መንገድ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሥልጣን ክርክር ውስጥ ሳይገቡ ጉዳዩ እልባት አግኝቷል። ክፍተቱም ከዚሁ ይመነጫል። ከፓርኩ ወሰን ውጭ ቆሞ ድሮኑን ወደ ውስጥ የሚልክን ሰው በዚህ ክልከላ ብቻ መያዝ አዳጋች ሲሆን፣ እንስሳትን ማወክን ወደመሳሰሉ ሌሎች ድንጋጌዎች መመለስ ያስፈልጋል።

ማስታወሻው ሲወጣ ለመላው አገልግሎት የሚሠራ ደንብ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚቆይ ጊዜያዊ እርምጃ እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላም ክልከላው ጸንቶ ይገኛል። ጊዜያዊ ተብለው የወጡ መመሪያዎች ዕድሜያቸው ረጅም መሆኑ የአንድ አገር ጠባይ ብቻ አይመስልም። እ.ኤ.አ በጥር 2025 በአገሪቱ በሕግነት የጸደቀ አዋጅ በፓርኮች ውስጥ ለሚቀርጹ አነስተኛ የፊልም ቡድኖች የፈቃድና የክፍያ ግዴታን ቢያቃልልም የድሮን ክልከላውን አልነካም።

ክልከላው እንደወጣ ሰዎች ወዲያውኑ አከበሩት ማለት ግን አይደለም። ማስታወሻው በወጣ በሁለተኛው ወር ገደማ አንድ ከኔዘርላንድ የመጣ ጎብኚ በየሎውስቶን ፓርክ ያበረረው ድሮን፣ በቀለማቱ በዓለም የታወቀው ግራንድ ፕሪዝማቲክ የተባለ ፍል ውኃ ውስጥ ወድቋል። ፍል ውኃው ወርዱ ከ100 ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ30 ሜትር በላይ ነው። ጎብኚው በፍርድ ቤት ከ3 ሺህ ዶላር በላይ መቀጮና ካሳ እንዲከፍል ተወስኖበታል። የፍል ውኃው ቀለም የሚመጣው በዳርቻው ከሚኖሩ ሙቀት ወዳድ ረቂቅ ተሕዋስያን በመሆኑ፣ ከባትሪና ከፕላስቲክ የተሠራ ዕቃ በውስጡ መቅረቱ ወይም እሱን ለማውጣት ሰው መሄዱ ሁለቱም የየራሳቸው ጉዳት አላቸው። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ እንዲህ ዓይነት ስፍራ ግን በገንዘብ ወደነበረበት የሚመለስ አይደለም።

ድሮን በእርግጥ እንስሳትን ይጎዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በስሜት ሳይሆን በጥናት ሲመረመር ቆይቷል፤ ውጤቱም ሁሉንም ወገን በአንድ ጊዜ የሚያስደስት አይደለም። እ.ኤ.አ በ2015 የፈረንሣይ ተመራማሪዎች በውኃ ወፎች ላይ ባካሄዱት ጥናት ከ200 በላይ በረራዎችን አድርገው፣ ከአምስት በረራዎች በአራቱ ድሮኑ እስከ 4 ሜትር ቢጠጋም ወፎቹ የሚታይ ምላሽ እንዳላሳዩ አስታውቀዋል። የድሮኑ ቀለምና ፍጥነት ብዙም ለውጥ ያላመጣ ሲሆን፣ በቀጥታ ከአናታቸው ላይ ሲወርድባቸው ግን ወፎቹ ይበልጥ ደንግጠዋል። የድሮን ወዳጆች ይህን ጥናት ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ገጽታ ይዞ ቀርቧል። ተመራማሪዎቹ በጥቁር ድቦች አካል ውስጥ የልብ ምት መመዝገቢያ አስቀምጠው ድሮን በላያቸው አበረሩ። ድቦቹ ብዙውን ጊዜ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ምንም የተሰማቸው አይመስሉም። መዝገቡ ሲታይ ግን የሁሉም ድቦች የልብ ምት ጨምሮ ተገኝቷል፤ ጭማሪው በአንድ ወቅት በደቂቃ ከ120 ምት በላይ ደርሷል። እንግዲህ “እንስሳው እኮ አልተነቃነቀም” የሚል ጎብኚ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ያላየው ነገር ግን አለ። ይህ ጥናት ለፓርክ አስተዳዳሪ ያለው ትርጉም ከፍተኛ ነው። እንስሳው እስኪሸሽ ድረስ ጠብቆ የሚቀጣ ሕግ የጉዳቱን ከፊል ብቻ ያያል ማለት ነው።

ጉዳቱ በግልጽ የታየበት አጋጣሚም አለ። እ.ኤ.አ በግንቦት 2021 በካሊፎርኒያ ግዛት ቦልሳ ቺካ በተባለ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ፣ ድሮን ማብረር በተከለከለበት፣ አንድ ድሮን በባሕር ወፎች መፈልፈያ ላይ ወደቀ። አዳኝ የመጣባቸው የመሰላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ስፍራውን ለቀው ሲሸሹ ቢያንስ 1 ሺህ 500 እንቁላሎች ሳይታቀፉ ቀርተዋል። የአንድ ወቅት ትውልድ በጥቂት ደቂቃ ጠፍቷል።

በአፍሪካ ደግሞ ጉዳዩ በተቃራኒው በኩል ታይቷል። በታንዛኒያ በታራንጊሬና በሰረንጌቲ ፓርኮች ዙሪያ ወደ አርሶ አደር ማሳ የሚገቡ ዝሆኖችን ወደ ፓርኩ ለመመለስ ድሮኖች ተሞክረው ውጤታማ ሆነዋል። ዝሆን ንብን እንደሚፈራ በጥናት የተረጋገጠ በመሆኑ የውልብልቢቶቹ ድምፅ የንብ መንጋ ሳይመስላቸው እንዳልቀረ ይገመታል። ማሳን ለመጠበቅ ይህ መልካም ዜና ነው። ዝሆንን ከማሳ የሚያባርር መሣሪያ ግን በመዝናኛ ስም ዝሆን በሚጠጣበት ወንዝ ላይ ሲበር ምንም አያደርግም ብሎ መከራከር የሚቻል አይደለም።

የክልከላው ተቃዋሚዎች ከሚያቀርቧቸው ነጥቦች ጠንካራው የሄሊኮፕተር ጉዳይ ነው። በግራንድ ካንየን ሰማይ ላይ ጎብኚዎችን የጫኑ ሄሊኮፕተሮችና አነስተኛ አውሮፕላኖች በየዕለቱ ሲበሩ፣ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ የማይሞላው መሣሪያ ለምን ይከለከላል ይላሉ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ በሰኔ 1986 በዚያው ገደል ላይ አንድ የጎብኚዎች አውሮፕላንና አንድ ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 25 ሰዎች ሞተዋል። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት በፓርኮች ላይ የሚደረጉ በረራዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በረራዎቹም በተወሰኑ መስመሮችና ከፍታዎች ብቻ እንዲካሄዱ ተደረገ። የሄሊኮፕተሩ በረራ የተፈቀደው ባለቤቱ፣ አብራሪው፣ መስመሩና ሰዓቱ ታውቆ ነው። በግለሰብ ሻንጣ የሚገባ ድሮን ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ይህም ሆኖ የሄሊኮፕተሮቹ ጩኸት ራሱ በበቂ ሁኔታ ተገድቧል ማለት አይቻልም፤ የአንዱ ጥፋት ግን ለሌላው ፈቃድ ሊሆን አይገባም።

ገደል መውጣት የማይችሉ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በድሮን አማካይነት ስፍራውን ሊያዩ ይችላሉ የሚለው ክርክርም ይነሳል። ይህ በፓርኩ በራሱ በሚዘጋጁ ቪዲዮዎችና ትዕይንቶች ሊሟላ የሚችል በመሆኑ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የማብረር መብት ለመስጠት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሌሎች አገሮችም በአብዛኛው ወደዚሁ አቅጣጫ አዘንብለዋል። በካናዳ በብሔራዊ ፓርኮች ያለፈቃድ ድሮን ማብረር እስከ 25 ሺህ የካናዳ ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከድሮን ዘመን በፊት እ.ኤ.አ በ2003 ባወጣችው የጥብቅ ስፍራዎች ሕግ የብሔራዊ ፓርክን ክልል ከመሬት ወደ ላይ እስከ 2 ሺህ 500 ጫማ ከፍታ ያለውን አየር ጨምሮ ስለያዘች፣ ድሮን ሲመጣ አዲስ ሕግ መጻፍ ሳያስፈልጋት በነባሩ መከልከል ችላለች። አሜሪካ በመሬቱ በኩል፣ ደቡብ አፍሪካ በአየሩ በኩል ሄደው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰዋል።

ወደ አገራችን ሁኔታ ስንመለስ፣ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። በዚህ ረገድ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ዋነኛ ድርሻ ያለው ሲሆን፣ የአየር ክልሉን የበረራ ደኅንነት በተመለከተ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይመለከተዋል። ቁጥጥሩ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነፃፀር ጥብቅ ነው። ጥብቅነቱ ግን ከደኅንነት አኳያ የታሰበ ነው። በሌላ በኩል የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 የመዝናኛ ድሮኖች ወደ ገበያ ከመምጣታቸው በፊት የተዘጋጁ ሕጎች ናቸው።

በዚህ መካከል ሊፈጠር የሚችለውን ሁኔታ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሕጋዊ የማብረር ፈቃድ ይዞ ደባርቅ ከተማ ይደርሳል። ደብዳቤው ማኅተም አለው፤ የመሣሪያው መለያ ቁጥርም ተጽፎበታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ይህን ደብዳቤ ሲያይ ማስቆም ይችላል ወይ? ደብዳቤው ድሮኑ ለአገር ደኅንነት ስጋት አለመሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ለዋልያ ስጋት አለመሆኑን አያረጋግጥም። ደብዳቤውን የፈረመውም ኃላፊ ስለ ዋልያ አልተጠየቀም። ስካውቱ ግን በከፍተኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም ፊት ብቻውን ቆሞ እንዲወስን ይገደዳል።

የሰሜን ተራሮች ጉዳይ በተለይ ሊጤን የሚገባው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ወጥቷል። ዋልያ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ ቁጥሩም ከጥቂት መቶዎች የማይበልጥ እንስሳ ነው። መኖሪያው ገደል ነው። በሜዳ ላይ የደነገጠ በግ ሮጦ ያመልጣል፤ በገደል ጠርዝ ላይ ከግልገሏ ጋር የቆመች ዋልያ ግን የምትሮጥበት ብዙ ስፍራ የላትም። በዚያው ገደል ፊት አጥንትን ከከፍታ ጥለው የሚሰባብሩ ጥንብ አንሳዎች ጎጆ ይሠራሉ፤ ድሮን አብራሪዎች የሚመርጡትም ይህንኑ የገደሉን ፊት ነው። እ.ኤ.አ በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ቀይ ቀበሮን የመሰለ ብርቅዬ እንስሳ የያዘ በመሆኑ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል።

በ2011 ዓ.ም መጋቢትና ሚያዝያ ወራት በሰሜን ተራሮች በደረሰው የእሳት ቃጠሎ ወቅት ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል የተላኩ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች በማጥፋቱ ሥራ መሳተፋቸው ይታወሳል። እንዲህ ባለ ወቅት አንድ የግል ድሮን በአካባቢው ቢገኝ ሄሊኮፕተሩን ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ ቃጠሎ ወቅት አንድ የግል ድሮን ከእሳት አጥፊ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ክንፉን በመብሳቱ አውሮፕላኑ ለቀናት ከሥራ ውጭ ሆኗል።

ከእንስሳው ሌላ ሰውም አለ። በፓርኮቻችን ዙሪያና በአንዳንዶቹም ውስጥ አርሶ አደርና አርብቶ አደር ወገኖች ይኖራሉ። ባለፉት ዓመታት ግጭት በነበረባቸው አካባቢዎች ድሮን የሚለው ቃል ራሱ ለነዋሪው የመዝናኛ ትርጉም የለውም። ከሰማይ የሚመጣ ያልታወቀ ድምፅ በእረኛና በልጆች ላይ የሚፈጥረው ስጋት በማንኛውም የፈቃድ ማመልከቻ ላይ አይጠየቅም፤ ሊጠየቅ ግን ይገባ ነበር።

እንግዲህ የመዝናኛ በረራ በፓርክ ውስጥ በመርሕ ደረጃ የተከለከለ፣ ለተወሰነ ዓላማ ግን በጽሑፍ የሚፈቀድ ቢሆን ከሁሉም የተሻለ ይሆናል። የእንስሳት ቆጠራ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ የእሳት ቅኝት፣ ሕገወጥ አደንን መከላከልና የአገርን ገጽታ የሚያስተዋውቅ ፊልም ከሚፈቀዱት መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካም ቢሆን ድሮን ከፓርክ ፈጽሞ አልወጣም፤ በግራንድ ካንየን የጠፉ ሰዎችን የሚፈልጉት የፓርኩ ሠራተኞች ራሳቸው ድሮን ይጠቀማሉ። እዚያ ለየት ያለ ፈቃድ የሚሰጠው በየፓርኩ ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ከበላይ አመራር በሚገኝ የጽሑፍ ይሁንታ ጭምር ነው። ይህ አሠራር ወደ እኛ ሲመጣ አንድ ማሻሻያ ያስፈልገዋል። የሩቁ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስተያየት በቅድሚያ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በየትኛው ወር ግልገል እንደሚወለድ፣ በየትኛው ገደል ጎጆ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነውና። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ፔሊካኖች የሚራቡበትን ወቅት ቦሌ ላይ ያለ የጉምሩክ ሠራተኛ እንዲያውቅ መጠበቅ አይቻልም።

የመሣሪያው ክብደትም ልዩነት ሊያመጣ አይገባም። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚውልና ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ከምዝገባ ነፃ በመሆኑ አምራቾች 249 ግራም የሚመዝኑ ሞዴሎችን አቅርበዋል። ነፃነቱ የታሰበው መሣሪያው በሰው ላይ ቢወድቅ የሚያደርሰው ጉዳት ዝቅተኛ ነው ከሚል ነው። የፓርክ ክልከላ ግን መነሻው ሌላ ስለሆነ በአሜሪካ ፓርኮች ለትንንሾቹም እኩል ይሠራል።

በአፈጻጸም ረገድ ድሮን ይዞ የመጣ ጎብኚ በፓርኩ በር ላይ መሣሪያውን በማሸጊያ አሽጎ፣ የመለያ ቁጥሩ በተጻፈበት ደረሰኝ አስረክቦ ሲወጣ የሚረከብበት ሥርዓት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ክልከላውም ጎብኚው በር ላይ ሲደርስ ሳይሆን ጉዞውን በሚያዘጋጁለት አስጎብኚ ድርጅቶች በኩል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሳያስረክብ ገብቶ ሲያበር የተገኘን ሰው መሣሪያ የመያዝ ሥልጣን ለስካውቱ በግልጽ መሰጠት ያለበት ሲሆን፣ በማስታወሻ ካርዱ ላይ ያለውን ምስል መመርመር ወይም መሰረዝ ግን የስካውቱ ሳይሆን በሕግ የተፈቀደለት አካል ሥራ ተደርጎ ከወዲሁ በመመሪያ ቢለይ ኋላ የሚመጣውን ክርክር ያስቀራል።